ቡቃያው ለምን ይወድቃል? ችግኙስ ለምን ይቀጭጫል? የአፈር ፈንገስና ኔማቶድ አያያዝ ለሰሜን ሸዋ ችግኝ ጣቢያዎች

ቡቃያዎች በዘር መደቡ አንድ ጥግ ተጋድመው ሲገኙ፣ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት የተተከለ ችግኝ ውሃም ፍግም እያገኘ ከአምስት ወር በኋላ ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ ሆኖ ሲቀር፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው። የሁለቱ መንስኤ ግን የተለያየ ነው፤ መፍትሔያቸውም ተቃራኒ ነው። የዘር መደብ አፈር ንጹሕና ለምነቱ አነስተኛ መሆን አለበት። ወደ ፕላስቲክ የሚገባው አፈር ደግሞ ሕይወት ያለው መሆን አለበት። ለሁለቱም አንድ ዓይነት አፈር ማዘጋጀት ወይም ሁሉንም በእሳት ማምከን በደጋም በቆላም የሚደጋገም ስሕተት ነው።

ምልክቱን መለየት

ቡቃያ የሚጥሉት ዋነኞቹ ሦስት ናቸው፦ ፒቲየም፣ ራይዞክቶኒያና ፉዛሪየም። ፒቲየም መልኩ ፈንገስ ቢመስልም ዝምድናው ከቡናማ አልጌዎች ጋር ነው። የመራቢያ ሕዋሱ ጅራት ስላለው በአፈር ውስጥ ባለ ውሃ ይዋኛል፤ ስለዚህ ውሃ የሚቋጥር መደብ ይመቸዋል። በእሱ የተጠቃ ቡቃያ ውሃ እንደቋጠረ ሆኖ ይለሰልሳል፣ ከሥሩ ጫፍ ወደ ላይም ይበሰብሳል። ራይዞክቶኒያ የሚጀምረው ከአፈሩ ገጽ ላይ ነው። ግንዱ እዚያው ቦታ ላይ ይቀጥናል፣ ቀላ ያለ ደረቅ ቡናማ ይሆንና ይታጠፋል። ፉዛሪየም ብዙ ጊዜ ከዘሩ ጋር ይመጣል። ቡቃያውን በአንድ ቀን ከመጣል ይልቅ ከሳምንታት በኋላ ቅጠሉን ከጫፉ ያደርቀዋል፤ ሥሩን በጣት ሲስቡት ልጡ ተገፎ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል።

ዘሩ ገና ሳይበቅል መሬት ውስጥ የሚበሰብስበትም ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ዘሩን ይወቅሳል። ይህን ማጣራት ቀላል ነው። የመብቀያው ጊዜ ሲያልፍ ሃያ ያህል ዘር ከመደቡ አውጥታችሁ በምላጭ ሰንጥቁ። ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ዘሩ ገና አልተነሣም፤ ታገሡት። ባዶ ከሆነ ከመጀመሪያውም ፅንስ የለውም፤ በሐበሻ ጽድ ላይ ይህ የተለመደ ነው። የላሸቀና ሻጋታ ያበቀለ ከሆነ ግን ጥፋቱ የአፈሩ ወይም የውሃ አጠጣጡ ነው።

ፈንገስ ያልሆነውንም መለየት ያስፈልጋል። ቆራጭ ትል ቡቃያውን እንደ መቀስ ይቆርጠዋል፤ በማለዳ አጠገቡ ያለውን አፈር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብትጭሩ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። የፀሐይ ቃጠሎ ከአፈሩ ገጽ ትንሽ ከፍ ብሎ ፀሐይ በሚያገኘው ጎን ብቻ ነጣ ያለ ጠባሳ ይተዋል፤ ሥሩ ግን ጤነኛ ነው። ውርጭ ደግሞ ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በአንድ ሌሊት መደቡን ከዳር እስከ ዳር ያጠቁረዋል። ፈንገስ እንዲህ አይመታም፤ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በየቀኑ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ይሠራል።

የዘር መደብ አዘገጃጀት

መደቡ 1 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ዋልካ አፈር ባለበት፣ ማለትም በአብዛኛው የደጋው ሜዳ ላይ፣ 20 ሳንቲ ሜትር አድርጉትና ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር አንጥፉ። ዋልካ ሲረጥብ አየር አያስገባም፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል፤ ለዘር መደብ አይሆንም። የላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር በውሃ ከታጠበ ሁለት እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋና ከአንድ እጅ የተነፋ ቀላል አፈር የተሠራ ይሁን።

ፍግ አትጨምሩ። ቡቃያው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግቡን ከዘሩ ያገኛል። ፍጉ የሚመግበው ፈንገሱን ነው፤ ናይትሮጂኑም የቡቃያውን ግንድ ለስላሳና በቀላሉ የሚጠቃ ያደርገዋል። አመድም እንዲሁ። ለጉንዳንና ለትል ተብሎ አመድ መበተን የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን አመድ የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከፍ ያደርጋል፣ ቡቃያ የሚጥሉ ፈንገሶች ደግሞ ከ6 በላይ በሆነ ፒኤች ይበረታሉ። አመዱ ከመደቡ ውጭ ዙሪያውን ቢበተን ጉዳት የለውም።

የወይራና የዝግባ ፍሬ ሥጋው ተልጦ፣ ታጥቦ፣ በጥላ ሥር መድረቅ አለበት። ሥጋው የቀረበት ዘር ሻጋታውን ይዞ ይገባል። የጽድ ዘር ለመብቀል ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሊፈጅ ስለሚችል በአፈር ውስጥ ለአደጋ የሚጋለጥበት ጊዜ ረጅም ነው፤ ከዚህ በታች እንደተገለጸው አፈሩን ለማሞቅ የሚወጣው ድካም ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው ለእሱ ነው። በ5 ሳንቲ ሜትር መስመር፣ በዘርና በዘር መካከል ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ትታችሁ ዝሩ። አፈሩን የዘሩን ውፍረት አንድ ወይም ሁለት እጥፍ ብቻ አልብሱት፤ ማልበሻውም የታጠበ አሸዋ ይሁን። የባሕር ዛፍና የኮሶ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትኑት። ከአረንጓዴ አሻራ ወዲህ፣ ማለትም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሚጠየቀው የችግኝ ብዛት ስለጨመረ መደብ ላይ ዘር ማጨቅ በርትቷል። ታጭቆ የበቀለ መደብ በመጀመሪያው ሳምንት ያምራል፤ በሦስተኛው ግማሹ ይወድቃል።

አፈሩን ማሞቅ እንጂ ማቃጠል አይደለም

በሰሜን ሸዋ ደጋ ለገብስ ተብሎ አፈር ተከምሮ የሚጋይበት የቆየ አሠራር አለ። ለችግኝ ግን አትጠቀሙበት። የጋየ አፈር ብስባሹንና ናይትሮጂኑን ያጣል፣ ጠቃሚውም ጎጂውም አብሮ ይሞታል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የገባ ፈንገስ ተቀናቃኝ ሳይገጥመው አፈሩን ይወርሰዋል። የሚፈለገው ሙቀት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፦ እርጥብ አፈር 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ ከቆየ ፒቲየም፣ ራይዞክቶኒያና ኔማቶድ (ሥር የሚያጠቃ ጥቃቅን ትል) ይሞታሉ፤ ከጠቃሚዎቹ ውስጥ ግን ሙቀት የሚችሉት ይተርፋሉ። ከ80 ካለፈ አሞኒያና ማንጋኒዝ እየተለቀቀ ራሱ ቡቃያ ይጎዳል።

በእሳት ለማድረግ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ለሁለት ሰንጥቁ፤ ግማሹ 100 ሊትር ገደማ አፈር ይይዛል። ከታች ሦስት ጣት ያህል ውሃ አድርጉ፤ በላዩ የተበሳ ቆርቆሮ በድንጋይ ደግፋችሁ እርጥብ አፈሩን ሙሉ፤ በጆንያ ሸፍኑት። ቴርሞ ሜትሩን መሐሉ ላይ ቅበሩ፤ 60 ሲደርስ ሰዓት ያዙ። ያለ ቴርሞ ሜትር መገመት አያዋጣም፤ ዳሩ ሲፈላ መሐሉ ለብ ያለ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከ1 ሜትር በ5 ሜትር መደብ የላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር 250 ሊትር ስለሆነ ሦስት ዙር ይበቃል።

ጥቂት ለሚዘራ ሰው የዘር ሳጥን ይሻላል። 40 በ60 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 24 ሊትር አሸዋ ይይዛል። የፈላ ውሃ ማፍሰስ ይቻላል፤ ግን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ማንቆርቆሪያ አይበቃም። ከ15 እስከ 20 ሊትር በሁለት ዙር አፍስሱ፣ ወዲያው በጆንያና በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ በሳጥኑ ታች በኩል 60 መድረሱን በቴርሞ ሜትር አረጋግጡ።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በረሃው ራሱ ይሠራላችኋል። አፈሩን 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ አጠጥታችሁ በቀጭን ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ሸፍኑ፤ ዳሩን ነፋስ እንዳያስገባ በአፈር ቅበሩ፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አቆዩት። ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ይመረጣል። ጥቁር ፕላስቲክ ፀሐዩን ራሱ ስለሚውጥ እንደ ብርሃን አስተላላፊው አፈሩን አያሞቅም። ደጋ ላይ ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም፤ አፈሩን በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ከመሬት ለይታችሁ ብትዘረጉትና በመካከሉ ክፍተት ባለው ሁለት ድርብ ፕላስቲክ ብትሸፍኑት ግን ጥሩ ፀሐይ ባለበት ወቅት ሊሠራ ይችላል። የሞቀውን አፈር በንጹሕ ጆንያ አስቀምጡ። አካፋው፣ ሳጥኑና ድጋሚ የሚሞላው ፕላስቲክ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ በተቀላቀለበት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይዘፍዘፍ።

የተዘጋጀው አፈር በእርግጥ ችግር እንዳለበት ለማወቅ አንድ ሳጥን የሞቀ፣ አንድ ሳጥን ያልሞቀ አድርጋችሁ በእያንዳንዱ 50 የጎመን ዘር ዝሩ። ሳጥኖቹ አይነካኩ፣ ውሃም ከአንዱ ወደ ሌላው አይፍሰስ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባልሞቀው የተረፈው ቡቃያ ከሞቀው በአሥርና ከዚያ በላይ ካነሰ ያ አፈር ሳይሞቅ ለዘር መደብ አይግባ።

ውሃ

ቡቃያ ከሚሞትባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ማታ ማጠጣት ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት አጠጡ፤ ከሰዓት በኋላ የአፈሩ ገጽ መድረቅ አለበት። ዘሩ እስኪበቅል ገጹ እርጥብ ይሁን፤ ከበቀለ በኋላ ግን ጣት ሲነካው ደረቅ እስኪሆን ጠብቁ። ለጥላ በመደቡ ላይ የሚሠራው ዳስ ቡቃያው እንደወጣ ቀስ በቀስ ይነሣ። ደጋ ላይ ዳሱ ከውርጭ ስለሚከላከል ማታ ይመለስ፣ ቀን ይገለጥ። ይህ ሥራ ነው፤ ግን ቀንም ሌሊትም ተሸፍኖ የሚውል መደብ እርጥበቱ አይወጣም።

የወንዝ ውሃ፣ በተለይ ከከተማና ከአትክልት ማሳ በታች የተቀዳ፣ ፒቲየም ሊያመጣ ይችላል። ውሃው እንዲጠል ከተዋችሁ በኋላ ጥሩውን ወደ ሌላ በርሜል ገልብጣችሁ ለ100 ሊትር 4 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ፤ ይህ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ አጠጡ። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ስለሚያጠፋው ጭቃው ሳይጠል መጨመር ከንቱ ነው።

ከጀመረ በኋላ

በመጀመሪያ ውሃ አቁሙ። የወደቁትንና ከክቡ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያሉትን፣ ጤነኛ ቢመስሉም፣ ከሥራቸው ካለው 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር አንሡ። ጤነኛ የሚመስለውን መንቀል ይከብዳል፤ ነገር ግን ያ ዳር ቀድሞ የተያዘ ነው። ቦታውን በሞቀ ደረቅ አሸዋ ሙሉት፣ የቀረውን መደብ አሳሱ፣ ዳሱን ግለጡ።

ኬሚካል የሚያግዘው ከዚህ በኋላ ነው፤ መንስኤውን ሳያውቁ መርጨት ግን ገንዘብ መጣል ነው። ሜታላክሲል ያለበት መድኃኒት የሚሠራው በፒቲየምና በመሰሎቹ ላይ ነው፤ ለራይዞክቶኒያና ለፉዛሪየም አይረዳም። ማንኮዜብ የሚከላከለው ያልተያዘውን እንጂ የተያዘውን አያድንም። መጠኑን ከመለያው ላይ አንብቡ፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ።

ወደ ፕላስቲክ የሚገባው አፈር

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ሥራቸው ውስጥ ገብቶ ከሚኖር ማይኮራይዛ ከሚባል ፈንገስ ጋር ተስማምተው ያድጋሉ። የፈንገሱ ክር ሥር ከማይደርስበት ርቀት ፎስፈረስና ውሃ ያመጣል፤ ዛፉ በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል። ይህ ፈንገስ የሌለው ችግኝ ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅነት የሚያደላ ወይም የገረጣ ይሆናል፣ እድገቱ ይቆማል፣ ተከላ ላይም በመጀመሪያው በጋ ይደርቃል። ፓቱላ የሚባለው ጥድ (ፓይን፤ ከሐበሻ ጽድ የተለየ ዛፍ ነው) እና ባሕር ዛፍ በሥር ውጭ የሚለብስ ሌላ ዓይነት ፈንገስ አላቸው። በጥድ ላይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል፦ ጤነኛው አጭር ሥር ጫፉ መንታ ሆኖ ነጭ ወይም ቡናማ ልባስ ያለው ነው። የጽዱ ማይኮራይዛ ግን ያለ ማይክሮስኮፕና ያለ ማቅለሚያ አይታይም።

ለፕላስቲክ የሚሆነው ቅልቅል ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ ሙሉ በሙሉ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ባዶውን ተዘርግቶ ስፋቱ 8፣ ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የችግኝ ፕላስቲክ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ለ1,000 ችግኝ 300 ሊትር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው፣ አንድ ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ከበሰለ ዛፍ ሥር የተወሰደ አፈር ይሁን። ለጽድ ከጽድ ሥር፣ ለወይራ ከወይራ ሥር፣ ለጥድ ከጥድ ሥር ውሰዱ። ወፍ ዋሻ ጥብቅ ደን ስለሆነ እዚያ አይቆፈርም፤ በቀበሌው ወይም ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዶ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ካሉ የቆዩ ዛፎች ሥር ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይበቃል። የደረቀውን ቅጠል ገልጣችሁ ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን፣ ቀጫጭን ሥር የሞላበትን ውሰዱ። ከአምስት የተለያዩ ጤነኛ ዛፎች ይሁን። ጫፉ እየደረቀ ካለ፣ ወይም በግንዱ ሥር እንጉዳይ በክምር ከሚያበቅል ዛፍ አትውሰዱ፤ አርሚላሪያ የሚባለው የሥር አበስባሽ ፈንገስ አብሮ ይመጣል።

አፈሩ ጥቂት ከሆነ ይራባል። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ታቹን ብሱ፤ ዘጠኝ እጅ የሞቀ አሸዋማ አፈርና አንድ እጅ የጽድ ሥር አፈር ቀላቅላችሁ በቆሎ ወይም ማሽላ ከሽንኩርት ጋር ዝሩበት። ከ12 ሳምንት በኋላ ውሃ አቁሙ፤ ሁለት ሳምንት አድርቃችሁ አገዳውን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ሥሩን ከነአፈሩ ከትክቱት። ቡቃያ ሲዛወር አንድ የሾርባ ማንኪያ ከሥሩ ሥር አድርጉ። ይህ ዘዴ ለጥድ አይሆንም፤ የጥድ ፈንገስ በበቆሎ ሥር አይራባም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ አትጨምሩ። ፎስፈረስ ሲበዛ ሥሩ ፈንገሱን አይቀበልም፤ ችግኙ ጣቢያ ላይ ይለመልማል፣ ማሳ ላይ ግን ብቻውን ይቀራል።

ኔማቶድ

ኔማቶድ በዓይን የማይታይ፣ ክር የመሰለ ትል ነው። በአፈር ውስጥ ያለው አብዛኛው ለችግኝ ወዳጅ ነው፤ ባክቴሪያ በልቶ ናይትሮጂን ይለቃል። ጎጂዎቹ አፋቸው ውስጥ መርፌ አላቸው። ከእነሱ የከፋው ሜሎይዶጋይን ነው፦ ሥር ውስጥ ገብቶ እባጭ ይሠራል፤ አንዷ እንስት መቶዎች እንቁላል ትጥላለች። በ25 ዲግሪ ሙቀት ትውልዱ በአንድ ወር ገደማ ይተካል። በደጋው ብርድ ዑደቱ በጣም ይዘገያል። ስለዚህ ዋናው ስጋት ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ከደብረ ሲና በታች ባለው ቆላ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በመስኖ ከሚለማበት አጠገብ ነው። ከዚያ ማሳ አፈር አምጥቶ ፕላስቲክ መሙላት ትሉን በእጅ እንደ መዝራት ይቆጠራል። ሰስባንያ፣ ፓፓያና ብዙ የግራር ዓይነቶች ይጠቃሉ። ሌላው ፕራቲሌንከስ እባጭ አይሠራም፤ ሥሩ ላይ ቡናማ ሰንበር ይተዋል። ሁለቱም የሚከፍቱት ቁስል ለፉዛሪየም በር ነው፤ ለብቻቸው ከሚጎዱት በላይ አብረው ይጎዳሉ።

በሰስባንያና በግራር ላይ እባጩን ከናይትሮጂን ዕጢ (የአየሩን ናይትሮጂን ለችግኙ የሚያዘጋጅ ጠቃሚ ባክቴሪያ ከሚኖርበት) ጋር አታምታቱ። ዕጢው ከሥሩ ጎን ተለጥፎ ያለ ስለሆነ በጥፍር ሲነካ ይወልቃል፤ ሲሰነጠቅም ውስጡ ሮዝ ነው። የኔማቶድ እባጭ የሥሩ የራሱ እብጠት ነው፤ ሥሩ ካልተቆረጠ አይወልቅም። በዚህ ስሕተት ጤነኛ ችግኝ ሲጣል፣ የታመመው ደግሞ ሲተከል ይታያል።

አፈሩን ከመሙላታችሁ በፊት ፈትኑት። በሦስት ባለ 1 ሊትር ዕቃ የምትጠረጥሩትን አፈር፣ በአንድ ዕቃ የሞቀ አፈር ሙሉና በእያንዳንዱ ሁለት የቲማቲም ችግኝ ትከሉ። ሞቃት ቦታ አቆዩት፤ ደጋ ላይ ፕላስቲክ ቤት ወይም ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ይሁን። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሳትጎትቱ ሥሩን በባልዲ ውሃ አጥባችሁ እባጭ ፈልጉ። ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ ደግሞ 100 ግራም አፈር በወንፊት ላይ በተነጠፈ ሶፍት ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ ወንፊቱን ውሃ ባለበት ሰሐን ላይ አስቀምጡ፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ውሃውን በብርጭቆ አጥልላችሁ ከታቹ ጠብታ እዩ። ትል ማየት ብቻውን ፍርድ አይደለም። መርፌ ካላቸው መካከል እንኳ የፈንገስ ክር ብቻ የሚመጥጡ አሉ፤ እነዚህ ራይዞክቶኒያንም ማይኮራይዛንም ይበላሉ።

ትሉ የሚገባበት ሁለተኛው በር የፕላስቲኩ ታች ነው። ችግኙ በባዶ መሬት ላይ ከተደረደረ ሥሩ ወጥቶ መሬት ይይዛል። ስለዚህ ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር አንጥፉ፣ በየሦስትና አራት ሳምንቱም የወጣውን ሥር ቁረጡ። ከመቁረጥ በፊትና በኋላ አጠጡ። የተበከለ መሬት ካላችሁ አንድ ሁለት ዓመት ሮደስ ሳር ዝሩበት፤ ለብዙዎቹ የሜሎይዶጋይን ዓይነቶች አይመችም። ወይም ከኅዳር እስከ ግንቦት አረም ሳታስቀሩ ባዶውን ደጋግማችሁ ገልብጡት። አረም ካለ ትሉ ይጠለልበታል። አፈር የሚያመክነው ሜቲል ብሮማይድ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮችም በ2015 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነት አገልግሎት ቀርቷል፤ ሌሎቹ የኔማቶድ መድኃኒቶች አብዛኛዎቹ ለሰው በጣም መርዛም ስለሆኑ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ባይገቡ ይሻላል።

ከማከፋፈል በፊት

ሰኔ ላይ ከእያንዳንዱ መደብ አሥር ችግኝ ከተለያየ ቦታ አንሥታችሁ ፕላስቲኩን ቅደዱና ሥሩን እጠቡ። አንዱ እንኳ እባጭ ካለበት ያን መደብ በሙሉ ፈትሹ። የተያዘው ችግኝ አይድንም፤ ለአርሶ አደር ማሳ ከተሰጠ ትሉን ለቲማቲሙና ለቃሪያው ያደርሰዋል። ችግኙን አቃጥሉ፤ አፈሩን ከውሃ መውረጃና ከአትክልት ማሳ አርቃችሁ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩ። የተመነጠረ የቆየ ደን ጉቶ ባለበት ቦታ ጽድና ጥድ ሲተከል ደግሞ አርሚላሪያ ከጉቶው ወደ አዲሱ ሥር ስለሚሻገር ጉቶው ከነሥሩ ይነቀል፤ ካልተቻለ ጉድጓዱ ከጉቶው ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ።